የአስተካካዩ ሙዚቃ ማጫወቻ

ሰውየው ዝም ብሎ ዘፈን መስማት አይችልም። ይህን ካወቃችሁ የሰውየውን ግማሽ አወቃችሁ። ሌላው የሰው ፍጡር ዘፈን ይከፍታል፣ ይሰማል፣ ደስ ካለው እግሩን ያወዛውዛል፣ ከሰለቸው ይዘጋል። እሱ ግን ዘፈን የሚከፍተው ሊያርመው ነው። ዘፋኙ ገና ጉሮሮውን ሳይጠርግ እሱ ማውሱን ጨብጦ፣ አንገቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስግጎ፣ "ቆይ ቆይ፣ ባሱ በዝቷል" ይላል። ባሱን ይቀንሳል። "አሁን ደግሞ ቀጠነ" ይላል። ይጨምራል። ዘፈኑ ያልቃል። ምን እንደተዘፈነ ብትጠይቁት አያውቅም።

ሰፈሩ አስተካካዩ ይለዋል። የሚሠራው መነጽር ቤት ነው፤ ሻጭ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው አፍንጫ ላይ መነጽር እየጫነ "ጠመመ? አሁንስ? ወደ ቀኝ ትንሽ?" ሲል ይውላል። ለመነጽር ጥሩ አመል ነው። ችግሩ፣ ከሥራ ሲወጣ አመሉን ከነጭ ጋውኑ ጋር እዚያው ሰቅሎት አይወጣም። አውቶቡስ ውስጥ የማያውቀውን ሰው መነጽር ሊያቃና እጁን ሰዶ ከጥፊ ለጥቂት የተረፈበት ጊዜ አለ። የጎረቤት በር ላይ ያለው ቁጥር ዘመም ብሎ ካየ፣ መፍቻ ይዞ ካልወጣ ምሳ አይወርድለትም።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አስተዋይ ሴት ናት፤ አስተዋይ መሆኗንም በደንብ ታውቃለች፤ ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። እጇ ፈጣን፣ ዓይኗ ስል፣ ምላሷማ አይነሣ። ደንበኛ ገና በሩ ላይ ሳለች ወገቧን በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ባሏንም ከተጋቡ በሳምንቱ ለክታ ጨረሰችውና "አይ፣ ይሄ ትንሽ ሰው ነው" ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ደግማ አልለካችውም።

የቤታቸው የፊት ክፍል የእሷ መስፊያ ነው። የስፌት መኪናዋ በግራ ግድግዳ በኩል፣ መስኮቱ ሥር ነው፤ መሃል ላይ ደንበኞች ፊቱ የሚቆሙበት ረጅም መስታወት አለ፤ በቀኝ በኩል ደግሞ፣ ወይ ጉድ፣ የእሱ ኮምፒውተር። ሌላ ቦታ ጠፍቶ እንዳይባል ሳሎን አለ፣ መኝታ ቤት አለ። "ድምፅ የሚያምረው እዚህ ክፍል ነው" ብሎ እዚያው ተከለው። ሁለት ስፒከር ገዛ፤ እያንዳንዳቸው ገና መቆም የጀመረ ሕፃን ያህላሉ። አንዱን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አቆመ፤ ሌላውን ክፍሉን አሻግሮ ከስፌት መኪናዋ ጎን፣ ልክ በጆሮዋ ትክክል ደቀነው። "ድምፅ ከሁለት ወገን መጥቶ መሃል ላይ መገናኘት አለበት" አለ። መሃል ላይ ያለው መስታወቱ ነው። መስታወት ጆሮ የለውም ብትለው ማን ሰምቷት።

ማጫወቻውንማ ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ ሴቲንጉ ብቻ ተነቦ አያልቅም። አንዱ ዘፈኑን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተዘፈነ ያስመስለዋል። አንዱ የፊተኛውን ዘፈን ጅራት ከኋለኛው ራስ ጋር ይቀጥለዋል። አንዱ ጮክ ያለውን ዝቅ፣ ዝቅ ያለውን ጮክ ያደርጋል። አንዱ ደግሞ ዝምታ ባገኘ ቁጥር ይቆርጣል። ጤነኛ ሰው ከነዚህ አንዱን መርጦ ሌላውን ይተዋል። እሱ ሁሉንም ከፈታቸው። እንጉርጉሮው ከጭፈራው ጋር እየተደባለቀ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ልሳብ ባለ ቁጥር ትንፋሹ እየተቆረጠበት፣ ውሻ እንደሚያባርረው ሰው እያለከለከ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሲዘፍን ይውላል። አስተካካዩ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል።

"ሰማሽ? ጥራቱን ሰማሽ?"

"ኧረ በፈጠረህ ወደ ነበረበት መልሰው!" ትለዋለች። "እዚያ ታች 'ሁሉንም ወደ መጀመሪያው መልስ' የሚል ነገር አለ አይደል? እሱን ንካልኝና ልገላገል!"

"ሁለት ዓመት የለፋሁበትን?" ይላል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። ልጅህን አውጥተህ ጣል ያሉት ነው የሚመስለው።

አንድ ጊዜ ብቻ ታዞላታል። ለሙሽራ የሚሆን ቀሚስ ስትሰፋ ጆሮዋ ሥር ያለው ስፒከር እንደ ንብ ጥዝ ሲል ውሎ ልቧን አወለቀው፤ መቀሷን አነሣችና "ይሄን ሳጥን ጸጥ ካላሰኘኸው ገመዱን ቆርጬ እጅህ ላይ ነው የማስቀምጥልህ!" አለችው። እንደማትመለስ ያውቃል። ማጫወቻው ውስጥ ገብቶ አንድ ነገር ገፋ አደረገ፤ ሳጥኑ ዝም አለ።

"የድምፁን ባላንስ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ ወሰድኩልሽ" አላት።

"ከፈለግህ ወደ ገሃነም ውሰደው" አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሷ በኩል ያለው ስፒከር የክር ማስቀመጫ ሆነ። እሷም ረሳችው፣ እሱም ረሳው። ዘፈኑ በቀኝ በኩል ይንጫጫል፣ እሷ በግራ በኩል ትሰፋለች፣ ኑሮ ይሄው ነው።

እናቷ ካረፉ በኋላ አባቷ እነሱ ጋ ገቡ። ዕድሜ ልካቸውን የአውቶቡስ መካኒክ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አሁን ጣቶቻቸው በሪህ አብጠው የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንኳ በወጉ አይቆልፉም። ዝምተኛ ናቸው። የሚያወሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ሲያወሩ ግን የሚያስቆማቸው የለም። በወጣትነታቸው አንድ ባንድ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ነበር፤ ባንዱ ሳይበተን በፊት አንዲት ሸክላ አስቀርጿል። ልባሷ ላይ የዘፋኙ ስም እንጂ የተጫዋቾቹ ስም የለም። ቤታቸው ማጫወቻ ኖሮ ስለማያውቅ ሸክላዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ነው የኖረችው። ልጃቸው ስታያት አደገች እንጂ ስትዘፍን ሰምታት አታውቅም። ወሬዋን ግን ሰምታ ሰምታ እጅ እጅ ብሏታል።

"ከሁለተኛው አዝማች በኋላ እኔ እገባለሁ" ይላሉ፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ። "ግን ትንሽ ዘግይቼ ገባሁ። ዘፋኙ ዞር ብሎ አፈጠጠብኝ! ምን ላድርግ፣ አንዴ ሸክላ ላይ የገባ አይወጣም።" ከዚያ ለብቻቸው ይስቃሉ። ከዚያ "የልጄን እናት ያገኘኋት በዚህች ሸክላ ነው" ይላሉ። ሁልጊዜ የሚጨርሱት በዚህ ነው።

እንግዲህ ከልብስ ሰፊዋ ደንበኞች አንዷ ይህን ወሬ ሰምታ ወሰደችው፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ የአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጆሮ ገባ። ለትምህርት ቤቱ አኮርዲዮኖች በስጦታ መጥተውለት፣ የሚያስተምርባቸው ሰው ጠፍቶ ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። ኃላፊዋ ደወለች። የጣታቸው ነገር አያሳስብም፣ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሚሰማና የሚያርም ጆሮ ነው የምንፈልገው አለች። ብቻ ከእኔ በላይ ያሉት ሰዎች ማስረጃ ይወዳሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ ሸክላውን ልስማ አለች።

ሽማግሌው ያን ሳምንት ሌላ ሰው ሆኑ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ፈልጓቸው የመጣ ሰው የለም። አሁን ጫማቸውን ቀለም ይቀባሉ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ባበጡ ጣቶቻቸው ነካ ነካ ያደርጋሉ፣ ያንጎራጉራሉ። ጠዋት ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ተነሥተው ተላጭተው ይጠብቃሉ፣ ቅዳሜ በማንኛውም ቀን ሊመጣ የሚችል ይመስል። ልጃቸው ከመኪናዋ ቀና እያለች ታያቸውና ደስ ይላታል።

ሸክላዋን ኮምፒውተር ላይ የማስገልበጡን ሥራ ማን ተረከበ ትላላችሁ? እሱው ነዋ! ይዞ ሄደ፣ ዘፈን የሚገለብጡበት ሱቅ አስገለበጠ፣ ፍላሹን ኪሱ ከተተ። እስከዚህ ድረስ እሰይ። ሲመለስ አንድ ደጅ ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲቀመጥ ሸክላዋን ፀሐይ መታትና ጠርዟ ትንሽ ጎበጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተዋታል። እሱ ግን የጠመመ ነገር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ቤት ሲገባ የሚስቱን ካውያ አሞቀ፣ ሸክላዋ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አለበሰ፣ ከዚያ ልክ እንደ ሱሪ ተኮሳት። ካውያውን ሲያነሣ ሸክላዋም አብራ ተነሣች።

"ላቃናት ብዬ እኮ ነው፣ አባባ" አላቸው፣ የተጣበቀውን ነገር እንደያዘ።

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ያላለችው የለም። "ሸክላ የሚተኩስ ሰው አይታችኋል?" እያለች ደንበኞቿን አንድ በአንድ ጠየቀች። አላዩም። ሽማግሌው ግን የቀለጠውን ነገር ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና፣ "ተዪው ልጄ፣ ግልባጩ አለ አይደል? እዚያም ውስጥ አለሁ" አሉ።

ቅዳሜ ኃላፊዋ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ትሑት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ የምትቀመጥ ሴት ናት። ከመስታወቱ ፊት ወንበር ተደረገላት። ሽማግሌው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከጎኗ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ቆመች። አስተካካዩ ኮምፒውተሩ ፊት እንደ ፓይለት ተደላድሎ፣ "ጥራቱን ከፍ አድርጌዋለሁ" አለ። ማንም አልጠየቀውም።

ዘፈኑ ተነሣ። ከበሮ፣ ጊታር፣ ቀጥሎ ዘፋኙ። አንደኛው አዝማች አለፈ። ሽማግሌው ወደ ኃላፊዋ ጠጋ ብለው "ከሁለተኛው በኋላ ነው" አሏት። ሁለተኛው አለፈ።

"አሁን" አሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው።

ከበሮ። ጊታር።

"አሁን... ትንሽ ቆዪ፣ ዘግይቼ ነው የምገባው።"

ከበሮው ድም ድም ይላል። ጊታሩ ከሥሩ ያንጠባጥባል። ጣታቸው አየር ላይ እንደተቀሰረ ዘፋኙ ተመልሶ ገባ፣ ሦስተኛውን ዘፈነ፣ ዘፈኑ አለቀ።

"እንደገና እንስማው" አለ አስተካካዩ። እንደገና ተሰማ። ከበሮ፣ ጊታር፣ ዘፋኝ። የአኮርዲዮን ዘር የለም።

"አጥፍተውኝ ይሆን?" አሉ ሽማግሌው፣ ማንንም ሳያዩ።

ኃላፊዋ ተነሣች። "ምንም አይደለም አባቴ፣ ያጋጥማል" አለች። "እንደዋወላለን።" እንደዋወላለን ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሳቸውም አላጡትም። እስከ በሩ ድረስ ሸኟት፣ ጎንበስ ብለው አመሰገኗት።

በሩ ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር። እንግዳዋ ፊት እፍረት ገድሏታል፤ ያችም ወሬውን የወሰደችው ደንበኛዋ ነገ ከሰማች ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። ለነገሩ እኔስ መቼ ሰምቼው አውቃለሁ፣ አለች ለራሷ። አስተዋይ ናት ብያችኋለሁ አይደል? ይሄው አስተዋለች።

"አባዬ፣ ስንት ዘመን ነው ያሞኘኸን?"

"ልጄ..."

"የለህበትም! ሁለቴ ሰማነው፣ የለህበትም! በሰው ፊት ጣትህን ቀስረህ 'አሁን፣ አሁን' ስትል ትንሽ አታፍርም? ለመሆኑ እናቴንም ያገባሃት በዚሁ ውሸት ነው?"

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉት።

"አባባ አይዋሹም" የሚል ድምፅ ከኮምፒውተሩ በኩል መጣ።

"አንተ ደግሞ ዝም በል! ሸክላ ተኳሽ!"

ሽማግሌው ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ፤ ቁልፉ እምቢ አላቸው፤ ከነኮታቸው ክፍላቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሸክላዋ ትንፍሽ አላሉም። ሲቀርብላቸው ይበላሉ፣ ሰላም ሲሏቸው ይመልሳሉ፣ ሌላ የለም። መላጨቱ ቀረ። ጠረጴዛ መነካካቱም ቀረ። ልጃቸው እንዲህ ሆነው ስታያቸው ሄዳ እግራቸው ሥር ቁጭ ማለት ያምራታል። ወዲያው ደግሞ "ስለተነቃበት እኮ ነው የሚያኮርፈው" ትልና ፔዳሏን ትረግጣለች። ትክክል መሆን እንደ እሷ የሚወድ ሰው አልተፈጠረም።

አስተካካዩ ግን በሽታው ተነሣበት። ከመነጽር ቤት እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩ ፊት ይተከላል። ያንኑ ዘፈን። አዳራሹን አጠፋው። ባሱን አወረደው፣ ቀጭኑን ድምፅ ሰቀለው። ፍጥነቱን ዝቅ አደረገው፤ ዘፋኙ እንደ ሰካራም ተጎተተ። የዘፋኝ ድምፅ የሚያጠፋ ሴቲንግ አገኘና እሱንም ሞከረ፤ ከበሮውና ጊታሩ ብቻቸውን ቀሩ። አባባ ዘፋኙ ሥር ተደብቀው እንደሆነ ብሎ እኮ ነው! ልብስ ሰፊዋ እየሰፋች ትሰማለች፣ ታሽሟጥጣለች።

"ምንድን ነው የምትፈልገው?" አለችው አንድ ቀን፣ ትዕግሥቷ አልቆ።

"አባባን።"

"አባዬ መኝታ ቤት ጋደም ብሏል። እዚያ ሄደህ ፈልገው።"

"እዚህ ውስጥ አሉ" አለ፣ ስክሪኑን በጣቱ እየነካ። "ዘግይቼ ገባሁ ብለዋል እኮ። የሚዋሽ ሰው ጎበዝ ነበርኩ ይላል እንጂ፣ ተሳሳትኩ ብሎ ይዋሻል?"

መልስ ስታጣ የምትሰድብባት አንዲት ስድብ አለቻት። "ፈላስፋ!" አለችውና መኪናዋን አንደቀደቀችው። ግን ከሰዓቱን ሙሉ ሁለቴ ሰፍታ ሁለቴ ፈታች።

በማግሥቱ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የሚነካውን ሁሉ ነክቶ ጨረሰ። ልብስ ሰፊዋ ከወንበሯ ሳትነሣ በመስታወቱ ውስጥ ታየዋለች፤ ትከሻው ወርዷል፣ ፀጉሩ ቆሟል። ማውሱን ወደ ታች፣ ወደ ታች አወረደና ያቺን ለስንት ጊዜ የለመነችውን መስመር ነካት። ማጫወቻው ጠየቀው። ሁሉም ወደ መጀመሪያው ይመለስ? ያስተካከሉት በሙሉ ይጠፋል፣ አይመለስም።

መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አደረገ። ሁለት ዓመት። ለእያንዳንዱ ዘፋኝ ለብቻው የለካው ባስ፣ ለእያንዳንዷ ዘፈን ያበጃት አዳራሽ። ይስቁበት እንጂ ለእሱ ከዚያ በላይ የሠራው ነገር የለም። ስትለምነው እምቢ ያላትን፣ ስትጮህበት እምቢ ያላትን፣ አሁን ማንም ሳይጠይቀው መነጽሩን መልሶ አደረገና "እሺ" የሚለውን ተጫነው።

ዘፈኑ ከመጀመሪያው ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ እልህ ይዟት ቁልፍ ልትተክል አቀረቀረች። አንደኛው አዝማች። ሁለተኛው አዝማች። ድንገት ያ የክር ማስቀመጫ የሆነ ሳጥን፣ ያ ዱዳ፣ ጆሮዋ ሥር ተነፈሰ።

አኮርዲዮን!

ትንሽ ዘግይቶ ገባ። አውቶቡስ እንደሚያመልጠው ሰው እየተሽቀዳደመ መጣና ከበሮው ላይ ደረሰ፤ አንዴ ከደረሰ በኋላ ግን ማን ይችለዋል፣ እንደልቡ ሄደ። ክሮቹ ከሳጥኑ ላይ እየተንከባለሉ ወለሉ ላይ ተበተኑ። መርፌው ጣቷን ወጋት፣ አልተሰማትም።

"ባላንሱ!" ብሎ ጮኸ አስተካካዩ፣ ወንበሩን ገልብጦ እየተነሣ። "ባላንሱ ነው! አባባን በግራ በኩል ብቻ ነው የቀረጿቸው! ግራውን እኮ ያን ጊዜ ዘግተነው..." አለና አፉን በእጁ ያዘ። ማን እንዳስዘጋው ትዝ ብሎታል። አንቺ ነሽ አላላትም። ቢላት ይሻላት ነበር።

"አባባ! ኑ! ኧረ ቶሎ ኑ!"

ሽማግሌው በነጠላ ጫማ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። እንደገና ከፈተላቸው። በዚህኛው ጊዜ ጣታቸውን አልቀሰሩም፣ አሁን አላሉም። ሁለተኛው አዝማች አልፎ አኮርዲዮኑ እየተንገዳገደ ሲገባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይኸው ዘገየሁ" አሉ። "አላልኩህም?"

"ብለውኛል! ብለውኛል እንጂ!" አስተካካዩ እየሳቀ ያለቅሳል፣ መነጽሩ ጉም ለብሶ ምኑንም አያይ። "ግን ቶሎ ደረሱ፣ አባባ! እንዴት አድርገው እንደደረሱ!" ተቃቀፉ። ልብስ ሰፊዋ "አባዬ" ብቻ አለች። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። ጎንበስ ብላ ክሮቿን መልቀም ጀመረች፤ የምትሠራው ሌላ ነገር ስላጣች ነው።

አስተካካዩ ዘፈኑን ለኃላፊዋ ላከላት፤ በሁለቱም ጆሮዎ ይስሙት፣ በተለይ በግራው፣ ብሎ ጻፈላት። ብዙ ሳትቆይ ደወለች። ራሷ እየሳቀች ነበር። አባቴ፣ እውነትም ዘግይተዋል አለቻቸው። ሰኞ ይምጡልን አለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ መስፊያዋን ዘጋች። የአባቷን ኮት ቁልፎች ነቅላ፣ ያበጠ ጣት የሚይዛቸው ትልልቅ ቁልፎች ተክላበታለች፤ ቀዳዳዎቹንም አስፍታለች። ኮቱን ይዛ አለበሰቻቸው። አንድ በአንድ ራሳቸው ቆለፉ።

"ዛሬ ሥራ የለኝም፣ እኔ ነኝ የማደርስህ" አለች።

"ከሱ ጋር ነው የምሄደው" አሉ። አስተካካዩ ከመነጽር ቤት ፈቃድ ወስዶ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ። አፌ ነው እንጂ ልቤ እኮ አይደለም።"

"ልብሽም ነበር" አሉ። አልተቆጡም፤ ብትቆጣኝ ብላ ተመኘች። "ግድ የለም፣ አንቺ ልጄ ነሽ፣ ይቅር ብያለሁ። ግን ያን ቀን አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ቀርቻለሁ።"

"ተው አባዬ፣ እሱን እንኳ ተወው..."

"አዎ፣ እናትሽን ያገባኋት በዚያው ነው። ሸክላዋን ሰጠኋት። ማጫወቻ አልነበራትም፣ እኔም አልነበረኝም። እዚህ ውስጥ አኮርዲዮን የምጫወተው እኔ ነኝ አልኳት፤ እሺ አለችኝ። እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አልሰማችውም፣ አንድም ቀን እስቲ አሰማኝ አላለችኝም።"

ከዚያ የአማቻቸውን ክንድ ይዘው ደረጃውን ወረዱ።